ካሜራው የማያየው ጫማ

አስተርጓሚ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሆስፒታል የተኛውን ሰው ከሐኪሙ፣ ችሎት የቀረበውን ከዳኛው አገናኛለሁ። ሥራው በስልክ ብቻ በነበረበት ዘመን ፒጃማም ብለብስ ማን ያየኛል? ወረርሽኙ መጥቶ ችሎቱ ወደ ቪዲዮ ሲዞር ግን ከወገብ በላይ ሰው መምሰል ግዴታ ሆነ። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጸጉር በሥርዓቱ። ከወገብ በታች ያው እኔው ነኝ። አንድ ቀን ችሎት እንደጨረስኩ እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለችና፣ ስልኩን ሳዘነብለው እግሬን አየችው። «እንዴ! ከላይ ዳኛ፣ ከታች የሽንት ቤት ሸበጥ?»

ሳቅን፣ አለፈ። ያን ሰሞን ግን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግራ ተረከዜን እንደ ሚስማር የሚወጋኝ ነገር ጀምሮኝ ነበር። ሐኪሙ «የት ነው የምትሠሪው?» አለኝ። ቤት። «እግርሽ ላይ ምን አድርገሽ?» ምን ልበለው? አንዳንዴ ያንን ሸበጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲ። ምንጣፉ ስስ ነው፤ ከሥሩ ኮንክሪት ነው። ቢሮ ስሄድ በነበረበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጫማ አድርጌ ውዬ ቤት ስገባ አወልቅ ነበር። ቤቱ ራሱ ቢሮ ሲሆን የሚወልቀው ነገር ጠፋ፤ እግሬም በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ጫማ መዋል ጀመረ። እኔ ልብም አላልኩት።

ከዚያ ወዲህ የቤት ጫማ ስገዛ፣ ስመልስ፣ አንዱንማ በቢላ ሰንጥቄ ውስጡን ሳይ ኖሬያለሁ። በግጥምና በፊልም ሂስ ያደገ አንባቢ «ለሸበጥም ሂስ ይጻፍለታል እንዴ?» ሊል ይችላል። ይጻፍለታል እንጂ። በቀን ስምንት ሰዓት አብሮኝ የሚውል ግጥም የለኝም።

እኛ ቤት ሸበጥ የግል ንብረት አልነበረም። አንድ ሰማያዊ ሸበጥ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይቀመጣል፤ አባዬም፣ እኔም፣ ለቡና የመጣች ጎረቤትም ያንኑ ነው የምናጠልቀው። ለማንም ልኩ አይደለም፣ ለሁሉም ይሆናል። ጫማ ሰፊው ጋ ስንቀመጥ የሚሰጠንም እንደዚያው ነው። ሰውየው ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ አንዱ እግሩ ላይ ቀይ ሌላው ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ አጥልቆ፣ ኮራ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ማንም አይስቅበትም፤ ያ ሸበጥ የመጠበቂያ ጫማ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለአሥር ደቂቃ የታሰበ ነገር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የአሥር ደቂቃውን ዕቃ ለስምንት ሰዓት ያዋልኩት።

ተቀምጦ የሚውል እግር ከሯጭ እግር ጋር ችግሩ አይገናኝም። የሯጭ ጫማ የሚሠራ ሰው የሚያስጨንቀው እግር መሬት ሲመታ የሚመጣው ኃይል ነው። የተቀማጭ እግር የሚመታው ነገር የለም። የባት ጡንቻ ስለማይሠራ ደሙ ወደ ታች ይወርድና ይዘገያል፤ እግሩ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ወደ ማታ ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጠባል ማለት ነው። ደግሞ ተቀማጩ ሁልጊዜ ተቀማጭ አይደለም። በየሰዓቱ ተነስቶ፣ ትኩስ ሻይ ይዞ፣ ከምንጣፍ ወደ ሴራሚክ፣ ከሴራሚክ ወደ ደረጃ ይሄዳል። እንግዲህ ጫማው ሰፋ የሚል፣ ሳያልብ የሚያሞቅ፣ ተረከዝ የሚይዝ፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የማያንሸራትት መሆን አለበት። ማማርም አለበት። ለማን ብሎ? ካሜራው አያየው፣ ጎረቤት አያየው። ለባለቤቱ ነዋ። ከልብሶቻችን ሁሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚያምረው ይህ ስለሆነ፣ ዲዛይነሩ ሊዋሽ የሚችልበት ቦታ የለም ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ከሚከበረው ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቢርከንስቶክ የጫማ ሥራ ዘሩን ከ1774 ይቆጥራል። ቁም ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የመጣው። የጫማ የውስጥ ንጣፍ ጠፍጣፋ በነበረበት ዘመን ኮንራድ ቢርከንስቶክ የእግርን ጉድጓድና ጉብታ የሚከተል ፎርማ ሠራ። በ1963 ባለ አንድ ማሰሪያዋ ማድሪድ፣ በ1973 ባለ ሁለት ማሰሪያዋ አሪዞና ወጡ። ውስጡ ቡሽና የጎማ ዛፍ ወተት ነው፣ መሐሉ ላይ የጁት ጨርቅ፣ ከላይ ለስላሳ ቆዳ። ተረከዝ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለው፤ ጣቶች ሥር ትንሽ ጉብታ አለች። ቡሹ በሙቀትና በክብደት እየላላ ከወር በኋላ የባለቤቱን እግር ይመስላል። እንግዲህ ከኛ ሰማያዊ ሸበጥ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ያንዱን ሰው ጫማ ሌላው ቢያደርገው ይጎረብጠዋል።

በዚህ ጫማ ላይ ከማናችንም በተሻለ ሂስ የጻፈው የጀርመን ፍርድ ቤት ነው። ቢርከንስቶክ ሳንዳሎቻችንን ገልብጠው ይሸጣሉ ያላቸውን ነጋዴዎች ከሰሰ፤ መከራከሪያው ጫማዎቹ የተግባራዊ ጥበብ ሥራ ናቸው የሚል ነው። በሕጉ የዲዛይን መብት ቢበዛ ለ25 ዓመት ነው የሚቆየው፤ የጥበብ ሥራ የሆነ እንደሆነ ግን ጥበቃው ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ድረስ ይሄዳል። ካርልስሩኤ ያለው ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ችሎት በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። የእጅ ሙያ ሌላ፣ የፈጠራ ነጻነት ሌላ፤ ዲዛይነሩ በዚህ ነጻነት ተጠቅሞ የራሱን አሻራ ያኖረበት መሆኑ አልታየም ማለቱ ነው።

ውሳኔውን ሳነብ መጀመሪያ ለፍርድ ቤቱ አደላሁ። የዚህን ጫማ ቅርጽ ያወጣው እግር ራሱ ነው፤ የእግር ደራሲ ደግሞ ቢርከንስቶክ አይደለም። ቆይቼ ግን ተጠራጠርኩ። የቡሹን ጠርዝ በቆዳ ሸፍኖ ቀጭን ማስመሰል ይቻል ነበር። እነሱ ቡሹን ራቁቱን ተዉት። ወፍራም ነገር ወፍራም መሆኑን እንዲናገር መፍቀድ ምርጫ ነው፣ ምርጫ ደግሞ አሻራ ነው። እዚያ አስመራ ከተማ መሐል የፕላስቲክ ሳንዳል ሐውልት ቆሟል፤ የታጋዮቹ ሺዳ። ሳንዳል መቼ ጥበብ፣ መቼ ዕቃ እንደሚሆን ካርልስሩኤ ብቻውን የሚጨርሰው ጉዳይ አይመስለኝም።

ለቤት ሥራ ግን? ፊቱ የተደፈነው ዓይነት ይሻላል፤ ክፍቱ በክረምት ጣት ያቀዘቅዛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆረቁራል፣ ደረጃ ላይ ይከብዳል። ተረከዙ ከኋላ ክፍት ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ክሮክስን የማይሰድብ የለም። በ2002 ኮሎራዶ ውስጥ የጀልባ ጫማ ተብሎ ነው የተጀመረው። ቀዳዶቹ ለውኃና ለአየር ናቸው፤ ፎሙ ውኃ አይጠጣም፣ ይታጠባል፣ ሚዛኑ ላይ ያለ አይመስልም። በ2010 ታይም መጽሔት ከ50 መጥፎ ፈጠራዎች ተርታ አሰለፈው። በ2017 ባሌንሲያጋ ከፍታ ጨምሮለት ፓሪስ መድረክ ላይ አወጣው። ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን ደግሞ ገበያው ፈነዳ፤ በ2021 የኩባንያው ሽያጭ ካለፈው ዓመት 67 በመቶ አድጎ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

እኔ አስቀያሚነቱን እወድለታለሁ። ነርሶችና ወጥ ቤቶች ከፋሽኑ በፊት የመረጡት ጫማ ነው፤ በእግራቸው ቆመው የሚውሉ ሰዎች አይሳሳቱም። ነገር ግን እነሱ ቆመው ነው የሚሠሩት። ተቀምጦ ለሚውል እግር የዚህ ፎም ጸባይ ወደ ጉዳት ይዞራል። ውኃ የማይጠጣ ነገር ላብም አይጠጣም። ካልሲ ከለበሱበት ካልሲው ይረጥባል፣ ካልለበሱበት እግሩ ይላቆጣል። ልስላሴውም እንደ ሶፋ ነው፤ ይቀበልና ይተዋል፣ አይደግፍም። የፋሽኑ ዓለም ይህን ጫማ ያነሳው ለምቾቱ ብሎ ከመሰለን ተሸውደናል። ያነሳው ለፎቶ ነው። ቢጫ ክሮክስ ጠረጴዛ ሥር አይታይም፤ ስልክ ተዘቅዝቆ ሲነሳ ግን ይታያል። ለካ የቤት ጫማም ተመልካች ተገኝቶለታል። ዲዛይነሩ መዋሸት አይችልም ያልኩት እዚህ ላይ ነው የፈረሰው።

የፎቶ ነገር ከተነሳ፣ አንድ የማን እንደሆነ የማልናገረው ጫማ ገዝቼ ነበር። የመነኩሴ ቆብ የመሰለ፣ ክሬም ቀለም፣ በማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት መስኮት ዳር ላፕቶፕ ታቅፋ የምትስቅበት። ከሥሩም ጨርቅ ነው። ምንጣፍ ላይ መላእክት የሚያስሄዱኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ይዤ ደረጃ ስወርድ ከኋላው ሸርተት አለና በመቀመጫዬ አራት ደረጃ ወረድኩ። ኩባያው ተሰበረ፣ እኔ ተረፍኩ። በቢላ የሰነጠቅኩት ያንን ነው። ውስጡ የጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅና ካርቶን ነበር፤ ሌላ ምንም።

ከዚህ ሁሉ መሐል ዲዛይን የሚለው ቃል የሚገባው የሱፍ ጫማው ነው። ዴንማርክ ውስጥ ናኒ ግሌሩፕ የምትባል ሴት በ1993 ከጎትላንድ በግ ጠጉር የጀመረችው ሥራ አለ። ሱፉ አይፈተልም፣ አይሸመንም፤ በውኃና በሳሙና እየታሸና እየተጠቀጠቀ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ስፌት ስለሌለው የሚቆረቁር የለም። ሱፍ ላብን ወደ ውስጡ ወስዶ እርጥብ ሳይመስል ይይዘዋል። እግር ሲያብጥ አብሮ ይለጠጣል። አንዳንዱ ዓይነት ከኋላ ተረከዝ አለው፣ ከሥር ጎማ የተለጠፈበትም አለ። ከላይ ግን ምንም የለውም፤ መለያም፣ ጌጥም። መጀመሪያ ሳየው «ይሄ ምኑ ይገዛል?» ብያለሁ። ከሳምንት በኋላ ማየት የጀመርኩት የጠርዙን መስመር ነበር፣ ከቁርጭምጭሚት ሥር እንዴት ዝቅ ብሎ እንደሚዞር። ባለቤቱ ብቻ የሚያየው ውበት ይሉት ይህ ነው። ጉድለቱ ቅስት ላለው እግር ድጋፍ አለመስጠቱ ነው፤ እኔ ለተረከዜ ንጣፍ ጨምሬበታለሁ። ዋጋው ደግሞ አይነሳ።

ይህን ጫማ ባየሁ ቁጥር መንዝ ትዝ ይለኛል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ባና ይሠራበታል፣ በርኖስ ይሠራበታል፣ የደጋውን ብርድ ለዘመናት የመከተው እሱ ነው። ያ ሱፍ ጫማ ይወጣዋል ወይ? ሻካራነቱ ለታችኛው ክፍል ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለውስጡ ገበር ይፈልጋል። የሞከረው ሰው ካለ ጫማውን ባየው ደስ ይለኛል።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ «ጫማ ራሱ ነው በሽታው፣ ቤትህ ውስጥ በባዶ እግርህ ሁን» የሚል። ይኸው ወገን ባዶ እግርን በመቶ ዶላርና ከዚያ በላይ ይሸጣል። የጣሊያኑ ቪብራም አምስት ጣት ያለው ጓንት መሳይ ጫማ አወጣ፤ እግር ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል ብሎ በማስተዋወቁ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ በ2014 ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሞዴሎቹ አንዱ ስሙ ቢኪላ ነበር። የኛው ቢኪላ! በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው። ቤተሰቡ ስማችንን ያለ ፈቃድ ተጠቀሙ ብሎ በ2015 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከሰሰ፤ በ2016 ፍርድ ቤቱ ክሱ ዘግይቷል በሚል ዘጋው።

ይህ ጉዳይ እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ሳይሆን እንደ ሃያሲም ያናድደኛል። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። ይህ የታሪኩ ግማሽ ለማስታወቂያ አይመችም። በባዶ እግር መሄድ ጫማ ላለው ሰው መዝናኛ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩን ዝሆኔ ሊያሳብጠው ይችላል፤ መድኃኒቱም በዋናነት ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ ነው። የኔ ባዶ እግር ደግሞ ኮንክሪት ላይ ምን እንዳመጣ ነግሬያችኋለሁ።

ግን ባዶ እግር ሥራ የሚሠራበት ቤት አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። ከቤት መሥራት ወረርሽኙ ያመጣው ነገር አይደለም። ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ሸማኔው ቤቱ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ እግሩን አውርዶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ እየረገጠ ይውላል። ጫማ ቢያደርግ መርገጫው አይታዘዘውም፤ እግሩ እዚያ እጅ ነው። እሱን ሳስብ ነው የኔ እግር በሥራዬ ውስጥ ሥራ እንደሌለው የገባኝ። አፍና ጆሮ ይሠራሉ፣ እግር ይጠብቃል። እንግዲህ የኔ የቤት ጫማ፣ የፈለገ ያማረ ቢሆን፣ ያው የጫማ ሰፊው ሸበጥ ነው፤ የመጠበቂያ። ልዩነቱ ጥበቃው ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ጫማ የሚነድፍ ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ማስታወቂያው ላይ የምትስቅ ሴት አያስቀምጥም ነበር።

የኛዋ ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ በ2004 ሶልሬብልስን ስትጀምር መነሻዋ በረባሶ ነበር፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው፣ ዘማቹም ገበሬውም ያደረገው። የድህነት ምልክት ተብሎ የሚታፈርበትን ጎማ ከሸማኔ በእጅ ከተሠራ ጥጥ ጋር አገናኝታ ለዓለም ገበያ አቀረበችው። ስለ ንግዱ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ጫማው ግን እንደ ጫማ ሲጻፍ እምብዛም አላየሁም። እኔን የሚገርመኝ ጎማው ነው። መኪና ተሸክሞ የኖረ ጎማ ሰው ቢሸከም አያልቅም፣ ሴራሚክ ላይም ይይዛል። ክብደቱና ግትርነቱ ግን ከዚያው ከጥንካሬው የሚመጣ ነው፤ ለመንገድ እሰየው፣ ለምንጣፍ ይበዛል። ጥጡ የተሻለው ክፍል ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ይተነፍሳል፣ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ደግሞም ለዓይን ይሞቃል። የፋብሪካው ሸራ ይህን ሙቀት አያገኘውም። ቀጭን ጎማ፣ ወፍራም ጥጥ፣ ተረከዙ የተዘጋ፤ እኔ የምፈልገው የቤት ጫማ ግማሽ መንገዱን እዚያ ሰፈር ሄዷል።

ተረከዙ የተዘጋ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከኋላ ክፍት የሆነ ጫማ እግርን ሳይታወቀን ያሠራዋል፤ እንዳይወልቅ ጣቶቻችንን እያጠፍን እንይዘዋለን፣ እርምጃችን ያጥራል፣ መጎተት ይመጣል። ለወጣት ይህ ድምፅ ብቻ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን መውደቂያ ነው።

ባለፈው ወር እማዬ «ለኔም ከነዚህ ከምታወሪላቸው አንዱን ላኪልኝ» አለችኝ። ቁጥሯን ጠየቅኳት፤ አታውቀውም፣ ሠላሳ ስምንትም ሠላሳ ዘጠኝም ታደርጋለች። ስለዚህ ድሮ ዕቃ ስናስልክ እንደምናደርገው አደረገች። እግሯን ወረቀት ላይ አቁማ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሣለችና ለሚመጣ ሰው ላከችው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ አየሁት። አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጪ ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት ሾጣጣ ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት የተመላለሰች ሴት እግር ነው፤ እነዚያ ጫማዎች ደግሞ ያምሩ ነበር፣ ለበዓል ስታወጣቸው አስታውሳለሁ።

ወረቀቱን በመስመሩ ቆረጥኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ሻጯ ስታየኝ ጫማውን አንስቼ ወረቀቱን ወደ ውስጥ እሰደዋለሁ፤ ጠርዙ ከታጠፈ እመልሰዋለሁ። እስካሁን ሳይታጠፍ የገባው አንድ ጫማ ውስጥ ብቻ ነው፣ ተረከዙ የተዘጋው የሱፍ ጫማ። ያለው ቀለም አመድማ ነው። እማዬ ደግሞ አመድማ አትወድም።